ከግድቡ በላይ ያለው አገር

እንጦጦ ተረተር ላይ በሐምሌ የሚወርድ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። ወደ ሰሜን ያዘነበለው ውኃ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል፤ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ከዚያው ተረተር ጥቂት ክንድ ወደ ደቡብ ያረፈው ደግሞ በአዲስ አበባ ሸለቆዎች ቁልቁል ወርዶ አቃቂን፣ ከአቃቂም አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር አያይም፤ አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ሁለቱን ዕጣዎች የሚለየው መስመር መሬት ላይ ቢፈለግ አይገኝም፤ ካርታ ላይ ግን በእርሳስ ሊሰመር ይችላል። ያ መስመር ዞሮ ተመልሶ ሲገጥም በውስጡ የቀረው መሬት ተፋሰስ ይባላል። ተፋሰስ ማለት እዚያ ውስጥ የወደቀ ውኃ ሁሉ በአንድ በር የሚወጣበት አገር ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ከቧንቧ የሚቀዳው ውኃ አንዱ ክፍል የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነት የገጠር ተፋሰሶች ነው። ውኃ በፈረቃ ሲጠፋ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ሮቶ እናወራለን። ከግድቡ በላይ ስላለው መሬት ግን፣ ማን እንደሚያርሰው፣ ዱሮ ምን ይመስል እንደነበር፣ ዛሬ ምን እየሆነ እንደሆነ ሲነገር የምሰማው ጥቂት ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ከአሮጌ ካርታና ከአሮጌ የአየር ፎቶግራፍ የተሻለ ምስክር አላውቅም። አነባበባቸውም እንደሚፈራው ከባድ አይደለም።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከፍልውኃው ሌላ ምንጮችና ወራጅ ወንዞች ይበቋት ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ፤ ሕዝቡም ጉድ አለ። ሕዝብ ሲበዛ ግን ምንጭ አልበቃም። በ1936 ዓ.ም. ገደማ ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ፣ ገፈርሳ ተገደበ። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በደሴ መንገድ፣ ለገዳዲ ተከተለ። በ1991 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ለገዳዲን ጎረቤት አድርጎ ድሬ ተሠራ፤ የድሬ ውኃ የሚጣራው እዚያው ለገዳዲ ማጣሪያ ነው። በኋላም በአቃቂና በሌሎች ቦታዎች ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ1987 ወደ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ ወደ 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ግድቦቹ ግን በዚያ ልክ አላደጉም።

የካርታው ታሪክ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ካርታ ሠሪው የጻፈው የቦታ ስም ብዙውን ጊዜ ካርታ ሠሪው መጥቶ ከመጠየቁ በፊት አገሬው ያወጣው ነው። ለገዳዲን ይውሰዱ። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው፣ «ዳዲ» የሚለውም ጠጅ፤ ስሙ የጠጅ ወንዝ እንደማለት ነው። ገፈርሳ ማለት ጎሽ ነው። ዛሬ የውኃ ማጠራቀሚያ ሐይቅ ባለበት በዚያ ሸለቆ አንድ ዘመን ጎሽ ይውል እንደነበር ስሙ ብቻውን ይመሰክራል ብዬ አምናለሁ። ድሬ ሜዳ ነው። «ቡርቃ» ብሎ የሚጀምር ስም ካርታው ላይ ካዩ እዚያ ምንጭ አለ፣ ወይም ነበረ። «ቱሉ» ኮረብታ ነው፤ «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ። እነዚህን ጥቂት ቃላት ያወቀ ሰው ካርታውን ሲከፍት የውኃውን ጠባይ ከፊደሉ ያነባል። አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፤ የውጭ አገር ካርታ ሠሪዎች ስሞቹን በሰሙበት ጆሮ ስለጻፉ አንድ ወንዝ በሦስት ካርታ ላይ ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። አሮጌ ካርታ የሚያመሳክር ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው ትዕግሥት ይህ ነው።

አሁን አንዱን ሉህ ጠረጴዛ ላይ እንዘርጋ። ባለሙያዎቹ ቶፖ ሺት የሚሉት፣ መጠነ ልኬቱ 1፡50,000 የሆነው የአገራችን መደበኛ ካርታ ነው። ሉሆቹ ስማቸው ላይ ቁጥር አለ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት በርከት ያሉት 0938 ብለው ይጀምራሉ፤ 9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሉህ ሩብ ዲግሪ በሩብ ዲግሪ ነው፤ በመሬት ላይ ሲመነዘር በአንድ ጎን ወደ 27 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በካርታው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። ቡናማ ቀለም ያላቸው ጥምዝምዝ መስመሮች የከፍታ መስመሮች ናቸው፤ ኮንቱር ይባላሉ። አንዱ ኮንቱር የሚያልፍባቸው ቦታዎች ሁሉ እኩል ከፍታ አላቸው፤ ከአንዱ ወደሚቀጥለው 20 ሜትር ይወጣል ወይም ይወርዳል። መስመሮቹ ተጠጋግተው ከታዩ ገደል ነው፤ ከተራራቁ ሜዳ።

የተፋሰሱን ወሰን ለማውጣት የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ትሬሲንግ ወረቀትና የአንድ ሰዓት ጊዜ ነው። ወረቀቱን ካርታው ላይ ያነጥፉ፤ እርሳሱን ግድቡ ላይ ያስቀምጡ። ከግድቡ አንድ ጫፍ ተነሥተው ሽቅብ ይውጡ። ኮንቱሮቹ ሲታጠፉ ይመልከቱ፤ የእጥፋቱ ሹል ወደ ከፍታው ካመለከተ እዚያ ሸለቆ አለ፣ ውኃ ይወርድበታል፤ ሹሉ ወደ ዝቅታው ካመለከተ ተረተር ነው። እርስዎ መሄድ ያለብዎ በተረተሩ ላይ ብቻ ነው። እርሳሱ የወንዝ ምልክት የሆነውን ሰማያዊ መስመር ከቆረጠ ተሳስተዋል ማለት ነው፣ ምክንያቱም ተፋሰስን የሚከብበው መስመር ወንዝ አይሻገርም፤ የሚሻገረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ግድቡ ላይ። ከተረተር ወደ ተረተር እየተሻገሩ፣ የወንዞቹን ራስ ሁሉ ከውስጥ እያስቀሩ ዞረው ወደ ግድቡ ሌላው ጫፍ ሲመለሱ ሥራው አለቀ። ተፋሰሱ ከአንዱ ሉህ ወደ ጎረቤቱ ከወጣ ሁለቱን ሉሆች ገጥሞ መቀጠል ነው። ስፋቱን ለማወቅም ካርታው ላይ የታተሙትን አራት ማዕዘኖች መቁጠር ይበቃል፤ እያንዳንዱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠርዝ ላይ የተቆረጡትን ግማሽ ግማሽ እያሉ መደመር ነው። ለገዳዲን በዚህ መንገድ የቆጠረ ከ200 በላይ ያገኛል።

200 ካሬ ኪሎ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ በጀሪካን እናስላው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። በ200 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 200 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል፤ 20 ሊትር በሚይዘው ቢጫ ጀሪካን 10 ሚሊዮን ጀሪካን። ይህ ከአንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ ጃንጥላ እንኳ የማያስዘረጋ ካፊያ። በእርግጥ ሁሉም ግድብ አይደርስም፤ ከፊሉን መሬት ይጠጣዋል፣ ከፊሉን ሣርና ሰብል፣ ከፊሉን ፀሐይ። ግን የመሬቱን ጉልበት ያሳያል።

ያው ስሌት ሌላ ፊት አለው። ከዚያው መሬት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢጠረግ መጠኑ 200,000 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 12,500 ጭነት። አንድ ሚሊ ሜትር አፈር የጥፍር ውፍረት ያህል ነው፤ ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ መሄዱን አያስተውለውም። ለገዳዲ ሲሠራ የመያዝ አቅሙ ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነበር። ግድብ ደለል ሲገባበት ግንቡ አይፈርስም፣ ውኃውም በዐይን አያንስም፤ ከታች በኩል በዝምታ ይሞላል። ለዚህ ነው ከግድቡ በላይ ያለው መሬት ታሪክ ቅንጦት የማይሆነው።

መሬቱ ዱሮ ምን እንደነበር የሚያሳዩ ንብርብሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ለሌላ ዓላማ የተሠራ ነው። በምኒልክ ዘመን የሸዋ መሬት የተለካው በካርታ ሳይሆን በገመድ ነው፤ ቃላድ ይባላል። ቃላድ ጣይ ገመዱን እየጎተተ ጋሻውን ይቆጥራል፤ የሚመዘገበው የመሬቱ መጠንና ግብሩ እንጂ ወንዙና ቁልቁለቱ አልነበረም። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የውኃ ሥዕል ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ የመንገደኞች ንድፍና ጽሑፍ ነው ያለው።

ቀጥሎ የሚመጣው ንብርብር ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረችባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ አውሮፕላኖቿ የአገሪቱን ሰፊ ክፍል ከሰማይ ፎቶ አነሡ። ፎቶዎቹ የተነሡት ለወራሪ ጦር መንገድ እንዲመሩ ነው፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። የታተሙት ፎቶዎች ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ደረቅ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው ቀሩ። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶ አለ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሣ፣ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፣ አንዱ ደግሞ አሻግሮ አድማሱን የሚያይ። 8,281 ሰሌዳ፣ በጠቅላላው ወደ 34,000 ፎቶግራፍ ነው። አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው ኖሩ፤ የኢትዮጵያ ባለሙያዎችና የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ምሁር ያን ኒሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር አስሰው፣ ቆጥረው፣ ስካን አድርገው ለጥናት አበቋቸው።

እንዲህ ያሉ ፎቶዎች የሚነበቡት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። አውሮፕላኑ እየበረረ ሲያነሣ የአንዱ ፎቶ ከፊል በሚቀጥለው ላይ ይደገማል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው፣ ስቴሬኦስኮፕ በሚባለው ባለ ሁለት መነጽር መሣሪያ በግራ ዐይን አንዱን በቀኝ ዐይን ሌላውን ሲያዩ መጀመሪያ ብዥ ይላል። ከዚያ ዐይን ይለምዳል፣ ሁለቱ ፎቶዎች ይዋሐዳሉ፣ ጠፍጣፋው ወረቀት ላይ ተራራው ብድግ ይላል። ቦረቦሩ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ዛፉ ይቆማል፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ደን ከእርሻው መካከል እንደ ጉብታ ይነሣል። ከአያት ቅድመ አያት ዘመን የነበረ ማሳ ከነትልሙ አቅጣጫ ይታያል። የአፈር መከላከል ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንዴ ቢያየው እመኛለሁ።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሚሲዮን አገሪቱን ዳግመኛ ከአየርና ከምድር ቀየሰ። በዚያው ዘመን አሜሪካ ከሕዋ ትሰልል ነበር፤ ኮሮና የሚባሉት ሳተላይቶች ፎቶ ያነሡት በፊልም ነው፤ ፊልሙ በእንክብል ተደርጎ ከሕዋ ይለቀቃል፣ በዣንጥላ ሲወርድ አውሮፕላን አየር ላይ ይቀልበዋል። ምስጢርነቱ እ.ኤ.አ. በ1995 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ተነሣ፤ ከ800,000 በላይ ፎቶ ለሕዝብ ተከፈተ። የለገዳዲ ግድብ የተሠራው ኮሮና ሲዞር በነበረባቸው ዓመታት ስለሆነ፣ ደመና ያልሸፈነው ፎቶ ያገኘ ሰው ሸለቆውን ከመሞላቱ በፊት ሊያየው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ደግሞ የላንድሳት ሳተላይቶች አሉ፤ ምስላቸው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በነጻ ነው።

ንብርብሮቹን ደራርቦ ያየ ሰው ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን አንዳንድ ነገር መልሶ ይጠይቃል። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» ሲባል ያልሰማ የለም። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን የዚህን ቁጥር ምንጭ ሲመረምሩ የረባ መሠረት አላገኙለትም። በሰሜን ኢትዮጵያ በአሮጌ ፎቶዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም መሬቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዙ ቦታ ከዛሬው ይልቅ የተራቆተ እንደነበር አሳይተዋል። የእንጦጦም ነገር እንዲሁ ነው። ቤተ መንግሥቱና ሠራዊቱ እዚያ ሲሰፍር ዛፉ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ፤ ምኒልክ በእንጨት እጥረት ምክንያት ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ዛሬ ጋራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከዚያ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ይህን የምለው ደን መትከል አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ምን እንደጠፋ በትክክል ያላወቀ ሰው ምን መመለስ እንዳለበት አያውቅም። ለገዳዲ ሜዳ ላይ ለብዙ ዘመን የነበረው ደን ሳይሆን ሣርና እርሻ ከሆነ፣ መጠበቅ ያለበትም ሣሩና እርሻው ነው።

እዚህ ላይ የአፈሩን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ የግድቡ ውኃ በክረምት የሚደፈርስበት ምስጢር እዚያ ነው ያለው። የሰንዳፋና የለገዳዲ ሜዳ ሰፊው ክፍል መረሬ ነው፤ ጥቁር፣ ጭቃው ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ አፈር። የመረሬ ሸክላ ደቃቅ ነው፤ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ዝም ብሎ ቢተው ለቀናት ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። የለገዳዲ ማጣሪያ በክረምት የሚገጥመው ፈተና ይኸው ነው። ደቃቁን ሸክላ አንዱን ካንዱ አጣብቆ ለማዝቀጥ አሉም ይጨመራል፤ ውኃው በደፈረሰ ቁጥር አሉሙ ይበዛል፣ ወጪውም ይጨምራል።

ጥፋቱን ገበሬው ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ሥራውን ያየ ግን እንደዚያ አይልም። መረሬ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ ቀድሞ የተዘራ ሰብል ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው በበልግ ካፊያ ይገምሳል፣ ያይማል፣ ይሠልሳል፣ ከዚያም ይጠብቃል። ሽምብራውን፣ ጓያውን፣ ምስሩን የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። የጤፍ ማሳም ደቅቆና ተረግጦ ነው የሚዘራው። በዚህ የተነሣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ማሳው የታረሰና ባዶ ነው። የቆመው ውኃ እንዲወጣለትም ገበሬው ማሳውን ሰያፍ ይቀደዋል፤ ፈሰስ ይባላል። ፈሰሱ ሰብሉን ያድነዋል፤ ውኃውን ከነአፈሩ ደግሞ ወደ ወንዝ ይወስዳል። በአየር ፎቶው ላይ እነዚህ ፈሰሶች ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ሆነው ይታያሉ፣ ሁሉም ወደ አንድ ሸለቆ የሚያመሩ። አንድ ፈሰስ ዓመት ከዓመት በአንድ ቦታ ከወጣ ቦረቦር ይሆናል። በተለያየ ዘመን የተነሡ ሁለት ፎቶዎች ካሉ ቦረቦሩ ምን ያህል ሽቅብ እንደ በላ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ይህ ነው አሮጌ ካርታ ለሥራ ሲውል፤ እርከኑና ክትሩ የት መጀመር እንዳለበት ያሳያል። ሁሉን ጋራ ከመቆፈር ይልቅ እያደገ ባለው ቦረቦር ራስ ላይ መሥራት ድካምንም ገንዘብንም ያድናል።

ሌላው ለውጥ ከከተማው በኩል የመጣ ነው። አሮጌው ሉህ ላይ የደሴ መንገድ ዳር አለፍ አለፍ ብለው የሚታዩ ጎጆዎች ነበሩ። ዛሬ ለገጣፎና ለገዳዲ ከተማ ናቸው። ሣር የነበረበት ቆርቆሮና አስፋልት ሲሆን ዝናቡ ወደ መሬት አይሰርግም፤ ቱቦና ቦይ ያገኛል፣ ባንዴ ይወርዳል፣ የመኪናውን ዘይትና የሰፈሩን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚወርደው። የድንጋይ ካባ ሲከፈትም አቧራውና ደቃቁ ድንጋይ በክረምት ውኃ ታጥቦ ይወርዳል። ግድቡ ከሠፈሩ በላይ ይሁን በታች የሚለው ጥያቄ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መልሱም ቀደም ብለን በእርሳስ ያሰመርነው መስመር ውስጥ አለ። ቤቱ ከመስመሩ ውስጥ ከሆነ ፍሳሹ ወደ ማጠራቀሚያው ያመራል፤ ከውጭ ከሆነ ወደ ሌላ። ሃምሳ ሜትር ብቻ የሚራራቁ ሁለት ግቢዎች ሁለት ዕጣ ሊኖራቸው ይችላል።

አሮጌ ካርታ የሚያጠምደው ሰውም አለ። በጣም የተለመደው ስህተት ስልክ ላይ ያለውን የጂፒኤስ ነጥብ አሮጌው ሉህ ላይ ማስቀመጥ ነው። የሉሆቹ መነሻ አዲንዳን የሚባለው የቅየሳ ሥርዓት ነው፤ ስልኩ የሚጠቀመው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ይህን ሳያስተካክል ግድብ ወይም ጉድጓድ የሚፈልግ ሰው ወንዙን አጥቶ ኮረብታ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ወጥመድ ወቅት ነው። አብዛኛው የአየር ፎቶ የሚነሣው ሰማዩ ጠርቶ በበጋ ነው። የኅዳር ፎቶ ላይ ማሳው ሰብል ለብሷል፣ የየካቲት ፎቶ ላይ ታጭዶ ባዶ ሆኗል፤ ሁለቱን አነጻጽሮ «መሬቱ ተራቆተ» የሚል ሰው ያነጻጸረው ዘመንን ሳይሆን ወርን ነው። ሦስተኛው ደግሞ በካርታው ግርጌ ያለው ዓመት ነው። የታተመበትና ፎቶው የተነሣበት ዓመት አንድ ላይሆን ይችላል፤ በመካከል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሁልጊዜ ፎቶው የተነሣበትን ይፈልጉ።

ካርታው የማያሳየውም ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሉሁ ላይ ግድቡ የሚያምር ሰማያዊ ቀለም ነው። በሰማያዊው ሥር የማን እርሻ፣ የማን ግጦሽ፣ የማን መቃብር እንደነበር አይናገርም። ኮንቱር የገበሬ ስም አይይዝም። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አንድ ላይ የሚያቅድ ማስተር ፕላን ሲቀርብ ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የግጭቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ይህ ይመስለኛል፤ ካርታ ላይ መስመር ሲሰመር መስመሩ ውስጥ ያለው ሰው አልተጠየቀም። ከግድብ በላይ የሚኖር ገበሬ «አትረስ፣ አትሥራ፣ ከብት አታሰማራ» ብቻ የሚባል ከሆነ ተፋሰሱ አይጠበቅም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ኒው ዮርክ አሳይታለች። እሷም አንድ ዘመን ለግድብ ስትል በካትስኪል ጋራዎች መንደሮችን ከነመቃብራቸው አንሥታለች፤ የአገሬው ሰው ቂም ለትውልድ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ከላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች ጋር ስምምነት ፈረመች። ከተማው ለገበሬዎቹ የከብት ፍግ ማጠራቀሚያ፣ የወንዝ ዳር አጥርና የመጸዳጃ ማሻሻያ ይከፍላል፤ መሬት የሚገዛውም ከፈቃደኛ ሻጭ ብቻ ነው። በዚህም ብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ ማጣሪያ ከመሥራት ዳነች። አዲስ አበባና ካትስኪል አንድ አይደሉም፤ እዚያ ያለው ገንዘብና የመሬት ሕግ እዚህ የለም። ስሌቱ ግን ይሠራል፤ ለአሉም የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ሽቅብ ቢሄድ፣ ለእርከን፣ ለሣር ዘር፣ ለገበሬው የጠፋ ቀን ምንዳ፣ ውኃው ሳይደፈርስ ሊመጣ ይችላል።

ይህን በእጁ መሞከር የሚፈልግ አንባቢ ቶፖ ሺቱን ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ከሚባለው፣ ብዙዎቻችን አሁንም «ካርታ ሥራዎች» ከምንለው መሥሪያ ቤት ይጠይቃል። የኮሮና ፎቶዎች በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ድረ ገጽ ይፈለጋሉ፤ ቀድሞ ስካን የተደረገው ያለ ክፍያ ይወርዳል። መምህር የሆነ ሰው አንድ ክፍል ተማሪ ይዞ የአንዱን ግድብ ተፋሰስ በሁለት ክፍለ ጊዜ ማሰመር ይችላል።

ካሰመሩ በኋላ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። ሽማግሌ ፈልገው፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይዘው፣ «ይህች ቡርቃ የምትባለው የት ነበረች? አሁንም ትፈልቃለች?» ብለው ይጠይቁ። አባት ገበሬ ካርታ ባያነቡም የወንዞቹን ቅደም ተከተል ከተነገራቸው ቦታውን ወዲያው ያገኙታል፤ በጣታቸውም ያሳያሉ። የደረቀውን ምንጭ በቀይ፣ የሚፈልቀውን በሰማያዊ እርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ የነገሩዎትን ስም እንደነገሩዎት ይጻፉት፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀኑን።